አሥራ አንድ ሚስማር

ሰኞ ማታ ነበር፣ ዝናብ አፉላን ሲያጥባት፣
ተከራዬ ጻፈ፣ እኔ ገና ሳልጨርስ እራት፦
«የውሃ ማሞቂያው ሞቷል። በውላችን አንቀጽ ዘጠኝ
በሦስት ቀን ማሠራት የአንቺ ነው፤ ቀኑን ቁጠሪልኝ።»
ደኅና አመሸሽ የለ፣ እንደምን ከረምሽ የለ፤
ሴምዮን እንዲህ ነው፤ ሰላምታውን ዘሎ ሕጉን ብቻ ጣለ።
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ቫዮሊን ያስተምር ነበር፣ በካርኮቭ ሳለ፤
ጆሮው ከብዷል ዛሬ፣ ዓይኑ ግን ከውል ላይ ነጠላ ሰረዝ አይዘልም።

ተናደድኩ። ለምን ይዋሻል? ተናደድኩ።
«እጅ የለውም ወይ? ራሱ ቢያሠራ ምን ነበር?» አልኩ፣
ሳህኔን ገፍቼ፣ ውሉን ከመሳቢያ አውጥቼ ልረታው ፈለግኩ።
አሥራ ሁለት ገጽ። መጨረሻው ላይ ፊርማዬ፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ሰው በአንድ እጁ ይፈርማል፣ የሚከራከረው በሌላው ነው፣ ሁሌም።
እውነቱን ነው ሽማግሌው፤
ያለ እሱ ጥፋት የፈሰሰው፣ የተቃጠለው፣ የዛገው
የኔ ዕዳ ነው።

ከውሉ ሥር ሌላ ውል ነበር፤ ቢጫ፣ የታጠፈ አራት፣
የአባቴ፣ የእንየው፣ ሐደራ ላይ አሥራ አራት ዓመት የኖረበት።
ፊደሉን አያነብ፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሄደውን ሁሉ አምኖ ፈረመ፣
ቧንቧ ሲፈነዳ ከኪሱ፣ መስኮት ሲሰበር ከኪሱ፣ ሲከፍል ከረመ።
ስንለቅ መያዣውን ጠየቀ። «ግድግዳው» አሉት፣ «ግድግዳው ቆሽሿል።»
ግድግዳውን አየና ይቅርታ ጠየቀ። ይኼ እስከ ዛሬ ያመኛል።
አንድ አንቀጽ ግን በቃሉ ያውቅ ነበር፦ ሚስማር መምታት ክልክል ነው።
አሥራ አራት ዓመት ፎቶዎቻችን ወለል ላይ ቆሙ፣ ጀርባቸው ለግድግዳው።

የማን ልጅ መሆኑን ልንገራችሁ።
አያቴ ወገራ ላይ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣
ማረሻ ሲያበጅ የሚውል፣ ከወናፍ ጋር ሲተነፍስ የሚያድር፤
ለባለርስቱ በር፣ ለባለርስቱ ጎተራ ሚስማሩን መታ፣
የራሱ ጎጆ ግን በሰው መሬት ነው፤ ሲሶውን ይሰፍራል፣ «ተነሣ» እስኪሉት ማታ።
«በክረምት አይነቀልም» የሚል አንቀጽ አልነበረውም፤
የነበረው የጌታው ፊት ነው። ፊት ደግሞ አይፈረምበትም።

ኋላ አባቴ ይህን ቤት ገዛ፣ በባንክ ብድር፣ በሃያ ስምንት ዓመት፤
ቁልፉን ሲቀበል አለቀሰ። ፎቶዎቹን ግን ወለል ላይ ደረደረ፣ በገዛ ቤት።
«ስቀላቸው እንጂ!» ብለው፣ «ማንን ላስፈቅድ?» አለ።
ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ሲሞት ግድግዳው እንደ ተቀበለው ነበር፤
ቤቱን ለፈጣሪ ያስረከበ መሰለ።

ረቡዕ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ናዲምን ይዤ ሄድኩ፤ ቧንቧ ሠሪ፣ የኢክሳል ሰው፤
«ዝገት ነው፣ እህቴ፤ ስምንት መቶ ሸቅል» አለ፤ ሰጠሁት፣ አንጀቴን እየቆረጠው።
ቀና ስል ሳሎኑን አየሁት።
ሚስማር። ቆጠርኩ። የሟች ሚስቱ ምስል፣ የማላውቀው ባቡር ጣቢያ፣
ቫዮሊን፣ ባርኔጣ፣ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ፤
አሥራ አንድ። አሥራ አንደኛው ምንም አልያዘም።

«አንቀጽ አሥራ አራት!» አልኩት፤ አሁን ተራው የኔ ነው።
አልሰማ አለኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩለት በጆሮው።
«አንቀጽ አሥራ አምስት» አለ፣ ሳይቸኩል፤ «ስወጣ እደፍናለሁ፣
ቀለምም እቀባለሁ። እስክወጣ ግን እኖራለሁ።»

መልስ ፈለግኩ፤ አጣሁ።
ያን አንቀጽ ከቢጫው ወረቀት ቃል በቃል የገለበጥኩት
እኔው ነኝ፣ እንየው የወለዳት።
ብዕር አወጣሁና ሰረዝኩት።
«ጎኑ ላይ ሁለታችንም እንፈርም» አለ፣ «አለዚያ አይጸናም።»
ፈረምን።

የወሩን ኪራይ በቀኑ ከፈለ፤
ሳንቲም አላጎደለ፣ ምስጋና አልጨመረ።
አባቴ አሁንም እኔ ቤት ወለል ላይ ቆሟል፣
ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ።
መዶሻ የለኝም።
ሴምዮን አለው።